አንድ ስም፣ ሰባት ዛፍ፦ ለግቢያችሁ የትኛው ዘንባባ ይሻላል?

ከ14 ዓመት በፊት እዚሁ ሐዋሳ ከአንድ ችግኝ ሻጭ ዘንባባ ገዛሁ። ሦስት ቅጠል ነበረው። ቅጠል ማለቱም ይከብዳል፣ ወፈር ያለ ሣር ነበር። ሻጩ «የአገር ነው፣ ብዙ አይወፍርም» አለኝ። አመንኩትና ከአጥሬ አንድ ሜትር ተኩል ገባ አድርጌ ተከልኩት። ዛሬ የግንዱ ቁመት ከደረቴ ብዙም አያልፍም። ውፍረቱን ግን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ካልተያያዘ አያቅፈውም። ዝንጣፊዎቹ አጥሩን ተሻግረው የጎረቤቴን ቆርቆሮ ይጠርጋሉ። ንፋስ ባለበት ሌሊት ሌባ ጣሪያ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ጎረቤቴ ትዕግሥተኛ ሰው ባይሆኑ ኖሮ እስካሁን ቀበሌ በቆምን ነበር።

ለካ የገዛሁት የአገር ሳይሆን የካናሪ ዘንባባ ኖሯል። ሻጩ ሆን ብሎ ያታለለኝ አይመስለኝም። እሱም አያውቅም። በልጅነታቸው የካናሪ ዘንባባና የአገራችን ዘንባባ መንታ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ችግኝ ልግዛ ያለ ሰው ሁሉ እየደወለ ያማክረኛል። በስልክ የምለውን ሁሉ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ለሆሣዕና ግንባራችን ላይ የምናስረው ዘንባባ ነው። ሆቴል በር ላይ በተርታ የቆመው፣ ግንዱ በሲሚንቶ የተለሰነ የሚመስለውም ዘንባባ ነው። አፋር ውስጥ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለውም ያው ዘንባባ። የቴምሩን ዛፍ እንኳ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ዘንባባ ነው የምንለው። በብዙ ቦታ አገር በቀሉን ለይቶ «ሰሌን» የሚለው ሰው አለ፤ ምንጣፉም ዛፉም አንድ ስም ይዘዋል ማለት ነው። በኦሮምኛ ሜጢ ይባላል። የሳይንስ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ ነው። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰሌን እያልኩ እጠራዋለሁ፣ ካልሆነ እንደገና እንምታታለን።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሐዋሳን፣ አዳማን፣ ባሕር ዳርን፣ አርባ ምንጭን በመሰለ ከተማ ለመኖሪያ ግቢ አንድ ዘንባባ ምረጥ ብትሉኝ ሰሌኑን እመርጣለሁ። ቦታ ካለ ብቻ ነው ታዲያ። ቦታ ከሌለ ዘንባባ የሚባል ነገር ባትተክሉ ይሻላል። ምክንያቴን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘንባባ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ግራር አይደለም። ግንዱ አናት ላይ አንድ ልብ ብቻ አለው። አዲስ ቅጠል ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ያንን ልብ ከቆረጣችሁ ያ ግንድ ሞተ፤ ከጎን አያቆጠቁጥም። ስለዚህ የመብራት ሽቦ የነካን ዘንባባ «ጫፉን ቆረጥ አድርገን እናሳጥረው» ማለት አይቻልም። ወይ ሽቦው ይነሳል ወይ ዛፉ ይሞታል። ሰሌኑ ግን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል። አንዱ ግንድ ሽቦ ከነካ ያንን ብቻ ከመሬት ትቆርጣላችሁ፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። አዲስ ልጅም ከሥር ይመጣል። አርጅቶ የሚያልቅ ዛፍ ሳይሆን እየተተካ የሚኖር ቤተሰብ ነው።

ማን ማን ነው?

ለመለየት መጀመሪያ ቅጠሉን እዩ። ቅጠል ስል ሙሉውን ዝንጣፊ ነው፤ ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ቀጫጭኖች «ጣት» እላቸዋለሁ። ጣቶቹ እንደ ላባ በረጅሙ ከተደረደሩ አንድ ወገን ነው። እንደ ከሰል ማርገብገቢያ ከአንድ ቦታ ተነስተው ከተዘረጉ ሌላ ወገን ነው። ሰሌን፣ ካናሪ፣ ቴምርና ሮያል ላባ ናቸው። ዶም፣ ቦራሰስና ዋሽንግቶኒያ ማርገብገቢያ ናቸው። ሁሉንም በየተራ እመጣባቸዋለሁ።

ላባ ከሆነ አንዱን ጣት ያዙና ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩ። እጥፋቱ ወደ ላይ የተከፈተ ቦይ ከሠራ፣ ማለትም ዝናብ ቢዘንብ ውሃ የሚይዝ ከሆነ፣ የቴምር ዘመድ ነው። ሰሌንም ካናሪም ቴምርም እዚህ ይገባሉ። እጥፋቱ እንደ ቤት ጣሪያ ውሃውን ወደ ታች የሚያፈስ ከሆነ ሮያል ወይም ሌላ የውጭ ዝርያ ነው። ይህ ምልክት ሻጭ ፊት ቆማችሁ በአሥር ሰከንድ የሚታይ ነው። ችግኙ ላባ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ በቂ ነው።

ሁለተኛው ምልክት እሾህ ነው። በቴምር ዘመዶች ከግንዱ አጠገብ ያሉት ጣቶች ጣትነታቸውን ትተው ወስፌ ይሆናሉ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሹል። ስለ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ከጣቴ ጋር ታሪክ አለው።

የቴምር ዘመዶቹን እርስ በርስ መለየት ነው ከባዱ። ሰሌን ጣቶቹ ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ናቸው። በተለይ ከወደ ታች ሦስትም አራትም እየሆኑ በአንድ ቦታ ይሰባሰቡና ወደተለያየ አቅጣጫ ይበተናሉ። ስለዚህ ዝንጣፊው ጎፈር ያለ ነው። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ጎልማሳ ሰው በሁለት እጁ ሊጨብጠው ትንሽ የሚቀረው ዓይነት። ቀጥ ብሎም አይቆምም፣ ወደ ውጭ ጋደል ይላል። የሳይንስ ስሙም ይህንኑ መጋደል ነው የሚናገረው። ካናሪ በተቃራኒው አንድ ግንድ ብቻ ነው ያለው፣ በርሜል የሚያክል። ግንዱ ላይ የወደቁት ቅጠሎች ጠባሳ የአልማዝ ቅርጽ ይሠራል። አናቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ደህና የቆመ ካናሪ በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ ቅጠል ይይዛል። ቴምር ደግሞ ከሩቅ ግራጫ ሰማያዊ ይመስላል። ጣቱ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው፣ ስትነኩት ይወጋል።

ይህ ሁሉ ግን ዛፉ ካደገ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱም አንድ ቅጠል ሣር ናቸው። በዚያ ዕድሜ የለየሁ የሚላችሁ ሰው እየገመተ ነው። እኔ የተበላሁት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ እናቱን ዛፍ አሳየኝ በሉ፣ ወይ ከፍ ያለውንና ከሥሩ ልጅ ማውጣት የጀመረውን ግዙ። ልጅ ካወጣ ካናሪ አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለ። የቴምር ዘመዶች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከተማ ውስጥ ካናሪ አጠገብ ካለ ሰሌን የለቀማችሁት ዘር ክልስ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ብዙ ነው ግን ወፍራም ነው፣ ቅጠሉ ሰማያዊ ይላል፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ዘር ከፈለጋችሁ ሌላ ዘንባባ ካልተተከለበት ወንዝ ዳር ካለ ሰሌን ልቀሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዘንባባ ቤተሰብ አውጡልኝ። በየችግኝ መሸጫው «ሳጎ ፓልም» እየተባለ የሚሸጠው አጭርና ጠንካራ ተክል ዘንባባ አይደለም፤ ሳይካድ የሚባል ወገን ነው። አበባ የለውም። መርዛማ ነው፣ ዘሩ በተለይ። ሕፃንና ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ሰሌን፦ ውሃ ዳር ያደገው

ሰሌን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። በአገራችን ከቆላ ወንዝ ዳር እስከ ወይና ደጋ ረግረግ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል፣ 2,000 ሜትር ከፍታም አያስፈራውም። በደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ደን ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሚወደውን ከዚሁ መገመት ይቻላል፤ እግሩ እርጥብ፣ ራሱ ፀሐይ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሌላውን ተክል ሥሩን ሲያበሰብሰው ይህ ይለመልማል። ጥላም በልጅነቱ ይችላል። ደርቆ የሚሰነጠቅ መሬት ላይ ግን አይሞትም አያድግምም፣ በቃ ቆሞ ያያችኋል።

ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጎኑ ግን ይሰፋል። ልጆቹን ዝም ካላችኋቸው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል የሚያክል ቁጥቋጦ ይሆናል። መልኩም በዚህ ይወሰናል። ሁሉንም ልጅ ብትተዉ አጥር ነው፤ ማንም አይሻገረውም። አምስትና ስድስት ግንድ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን በየዓመቱ ከመሬት ብትቆርጡ ደግሞ በየአቅጣጫው ጋደል ያሉ ቀጫጭን ግንዶች ታገኛላችሁ። ለእኔ ከዚህ የሚያምር የግቢ ዛፍ የለም።

ፍሬው ትንሽ ነው፣ ከጣት ጫፍ አይበልጥም፤ ሲበስል ብርቱካንማ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ይበላል፣ ግን ሥጋው ስስ ነው፣ አብዛኛው ዘር ነው። ልጆች ይመጡታል። ወፎች ይወዱታል። ጦጣም ይወደዋል፤ ሐዋሳ ላለ ሰው ይህ ደስታም ፈተናም ነው። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ተክላችሁ ፍሬ አትጠብቁ። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ወንድ ከሆነ የሚጠረግ ፍሬ የለም።

አሁን ወደ እሾሁ። ይህ የሰሌን ትልቁ ነውር ነው፣ ካናሪም እኩል ይጋራዋል። አንድ ቅዳሜ ጓንት ሳላደርግ ስገርዝ አንዱ ወስፌ ጠቋሚ ጣቴ አንጓ ላይ ገባ። አወጣሁት፣ ደሙን ጠረግሁ፣ ረሳሁት። ጫፉ ግን ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። በሳምንቱ ጣቴ አልታጠፍ አለ። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ቋሊማ አብጦ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ያወጣልኝ ነገር የግማሽ ሩዝ ፍሬ አታክልም። መገጣጠሚያ ላይ የገባ የዘንባባ እሾህ እንዲህ ያደርጋል፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ስለዚህ ከመተላለፊያ፣ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት፣ ከመኪና በር ቢያንስ አራት ሜትር አርቁት። በዓይን ከፍታ ያሉትን ወስፌዎች በመቀስ መቀነስም ይቻላል፣ ቅጠሉ አይጎዳም።

ካናሪና ቴምር

ካናሪ ስሙ እንደሚለው የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ ነው። ለአደባባይ፣ ለሰፊ መናፈሻ፣ ለትልቅ ግቢ መግቢያ ተፈጥሯል። ደጋ ላይም ደህና ይሆናል። ለአዲስ አበባ ብርድ ከሰሌን ይልቅ ግርማ ያለው እሱ ነው፣ ይህን ልክደው አልችልም። ነገር ግን ቅጠሉ ብቻ አምስት ሜትር ይደርሳል። ከግድግዳ አምስት ስድስት ሜትር መራቅ አለበት። መሐሉ ላይ ሲቆም ዙሪያው ቢያንስ አሥር ሜትር ይይዛል። 200 ካሬ ግቢ ላይ ካናሪ መትከል ሳሎን ውስጥ ዝሆን እንደማሰር ነው። እኔ አስሬያለሁ።

ቴምርን በተመለከተ ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌም አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከሱቅ የገዛሁት ቴምር ዘሩ በቅሏል፣ ልተክለው?» ይበቅላል፣ አዎ። ግን ግማሹ ወንድ ነው የሚሆነው። ሴት ብትሆንም እንደ እናቷ አታፈራም። ጥሩ ቴምር የሚባዛው ከሴቷ ሥር በሚወጣ ልጅ ነው፤ ያውም የወንዱን አበባ ሰው በእጁ ወስዶ ሴቷ ላይ እየነሰነሰ። ከዚያ አየሩ አለ። ዓረቦች ቴምር እግሩ ውሃ ውስጥ ራሱ እሳት ውስጥ መሆን አለበት ይላሉ። ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። አፋር ላይ፣ ሶማሌ ቆላ ላይ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ይሞከራል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ ግን ፍሬውን እርሱት፣ ለውበት ከሆነ ደግሞ ሰሌኑ ይሻላል።

ዶም፦ የቆላው ባላ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜን ጫፍ ላይ ፍልውሃ የሚባለው ቦታ የሄደ ሰው ዶምን አይረሳም። ከፍልውሃው ዙሪያ የቆመው የዘንባባ ጫካ እሱ ነው። ዘንባባ በልማዱ ቅርንጫፍ የለውም። ዶም ግን ግንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ባላ ላይ ባላ። ከሩቅ ብቻውን የቆመ ማርገብገቢያ ቅጠል ያለው ባላ ዛፍ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቀረብ ስትሉ የቅጠሉ እጀታ ጠርዝ ላይ የተቆለመሙ ጥቁር እሾሆች አሉ። ልብስ ከያዙ አይለቁም።

ፍሬው ቡናማና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ትንሽ ብርቱካን ያክላል። ቅርፊቱ ሲታኘክ ቅመም የገባበት ደረቅ ኬክ ይጥማል። ውስጡ ያለው ነጭ ዘር እንደ ዝሆን ጥርስ ይጠነክራል፤ አዝራር ይሠራበት ነበር። ግብጾች ፍሬውን ከሞቱ ነገሥታት ጋር ይቀብሩት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም ተገኝቷል። አፋሮች የቤታቸውን ምንጣፍ ከቅጠሉ ይሠራሉ፤ ቤቱ ራሱ የጎበጠ እንጨት ላይ የተጣለ ምንጣፍ ነው። ከግንዱም መጠጥ ይቀዳል፣ ያ ደግሞ ያንን ግንድ ያስከፍላል።

ለግቢስ? ሰመራ ወይም መተሐራ ካላችሁ፣ መሬቱም ሰፊ ከሆነ፣ አዎ። ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ አትድከሙ። ሥሩ በልጅነቱ በጣም ወደ ታች ስለሚወርድ ነቅሎ መትከል አይወድም። ዘሩን እዚያው በሚቆምበት ቦታ ቀብራችሁ መጠበቅ ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ ማደጉም ዓመታት። ከሁሉ የሚሻለው ግን በቦታው የነበረውን ዶም ግንባታ ሲጀመር አለመቁረጥ ነው። የአርባ ዓመት ዛፍ በነፃ ተሰጥቷችሁ ዶዘር አትጥሩበት።

ቦራሰስ፦ ሆዱ የተነፋው

በምዕራብ ቆላ፣ ጋምቤላ በኩል፣ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ግንዱ ከመሐል ከፍ ብሎ እባብ የዋጠ ይመስል የሚያብጥ ዘንባባ አለ። ቦራሰስ ኤቲዮፐም ነው። ስሙ እኛን ይጥራ እንጂ ድሮ ፈረንጅ አፍሪካን በሙሉ ኢትዮጵያ ይል በነበረበት ዘይቤ የወጣ ስም ነው፤ ዛፉ እስከ ሴኔጋል ድረስ አለ። 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ፍሬው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፣ ዝሆን ይበላዋል፣ ዘሩንም ያ ነው የሚዘራው። እዚያ ስር መኪና ማቆም ምን እንደሚሆን ገምቱ።

ይህ የመኖሪያ ቤት ዛፍ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰፊ ቅጥር ከሆነና ቦታው ሙቅ ቆላ ከሆነ ግን ከሮያል አሥር እጅ ይሻላል። እንደ ዶም ሁሉ ዘሩን በቦታው ነው የሚተከለው። ዘሩ ሲበቅል መጀመሪያ ቡቃያውን ወደ ታች፣ ጠልቆ ይልካል። እናንተ ላይ ላዩን እያያችሁ «ሞተ» ስትሉ እሱ ሥራ ላይ ነው።

ሮያልና ዋሽንግቶኒያ

አጭር ልሁን። ሮያል የኩባ ብሔራዊ ዛፍ ነው። ግንዱ ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ከላዩ አረንጓዴ አንገት አለው። እሾህ የለውም፣ ደረቅ ቅጠሉን ራሱ ይጥላል፣ ስለዚህ ሆቴሎች ይወዱታል። የሚጥለው ቅጠል ግን ትልቅና ከባድ ነው፣ ከመኪና ማቆሚያ በላይ አይተከልም። ውሃ ይፈልጋል፣ ብርድ አይወድም። ዋሽንግቶኒያ የሜክሲኮ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ 25 ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ መሰላል የሚደርስበት ሰው የለም። የደረቀው ቅጠል ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ቀሚስ ይቀራል። አይጥ ይገባበታል፣ እሳትም ይወደዋል። ፈጣን ጥላ ፈልጎ የሚተክለው ሰው አለ፤ ጥላው ግን በአምስተኛው ዓመት ጎረቤት ግቢ ነው የሚያርፈው።

እንግዲህ የቱን?

ከፍታችሁን እወቁ። ከ1,000 ሜትር በታች ደረቅ ቆላ ከሆነ ዶም፣ ለፍሬ ከሆነ ቴምር። እርጥብ ቆላና ሰፊ ሜዳ ከሆነ ቦራሰስ። ወይና ደጋ ከሆነ ሰሌን። ደጋ ላይ ሰሌንም ይሆናል፣ ቀስ ይላል እንጂ፤ ቦታ ያለው ካናሪን ያስብ።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ከግድግዳ፣ ከሽቦና ከመተላለፊያ አራት ሜትር የሚርቅ ነጥብ ካላገኛችሁ ሰሌንም አይሆንም። ኮሽም ትከሉ፣ አበባ ትከሉ፣ ማን ከለከላችሁ። ነጥቡ ከተገኘ ደግሞ የወጥ ቤት ወይም የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደዚያ መድረስ ይችል እንደሆነ እዩ። የእኔ ሁለተኛው ዘንባባ፣ እውነተኛው ሰሌን፣ የቆመው የእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ጫፍ ላይ ነው። ማንም አያጠጣውም።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር። ፍሎሪዳ ያላችሁ፣ ሰሌንን እዚያ «የሴኔጋል ቴምር» እያሉ ይሸጡታል። ናፍቆት ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን እዚያ ከግቢ አምልጦ የተፈጥሮ ረግረጉን ስለሚወር የወራሪ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እዚህ አገር በቀል የሆነ እዚያ ወራሪ ነው። ደረቅ በሆኑት በካሊፎርኒያና በአሪዞና ከተሞች ግን ውሃ እየሰጣችሁት ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ የወረደ ብርድ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ገልፍ ያላችሁ ደግሞ፣ ለአገሬ ብላችሁ የቴምር ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ አትምጡ። ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገልፍን ያዳረሰው ከቦታ ቦታ በተጓዘ ችግኝ ነው። ትሉ ግንዱ ውስጥ ሆኖ ይበላል፤ ከውጭ ምልክት ስታዩ ዛፉ አልቋል።

ሰሌኑን ስትተክሉ

ከዘር ከሆነ፣ በስሎ የወደቀውን ፍሬ ሰብስቡና ሥጋውን እሹት። ዘሩን ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ውሃውን በየቀኑ ለውጡ። ከዚያ ጠለቅ ባለ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ጣት ጫፍ ያህል ቅበሩት። ላስቲኩ አጭር ከሆነ ሥሩ ታች ደርሶ ይጠመዘዛል። ሙቅ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በዚህ መሐል ቆፍረው የሚያዩ ሰዎች አሉ። አትቆፍሩ።

ከልጁ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ግን ዕድል ይጠይቃል። ክንድ የሚያክል፣ የራሱ ሥር ያለው ልጅ ምረጡ። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን በስለት ቁረጡ፣ በእጅ አትገንጥሉት። ቅጠሉን በግማሽ አሳጥሩና ጥላ ሥር ላስቲክ ውስጥ አቆዩት፣ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ። እንዲህም አድርጌ ከሁለት አንዱ ይሞትብኛል። ወደ መሬት የሚወርደው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው፣ ክረምቱ ያሳድገዋል። ጥልቀቱ ላስቲክ ውስጥ ከነበረበት አይለፍ። ልቡ ላይ አፈር ከገባ ይበሰብሳል።

ከተያዘ በኋላ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ መቀስ ነው። ለበዓል እናስውበው ብለው አናቱ ላይ አምስት ቅጠል አስቀርተው የሚላጩት አለ። ከመሬት ጋር ትይዩ ከሆነው ቅጠል በላይ ያለውን አትንኩ። የታችኛው ቅጠል ቢጫና ብርቱካንማ ነጠብጣብ ካወጣ ፖታሽ ጎድሎታል፤ ቆርጣችሁ ብትጥሉት ጉድለቱ ወደሚቀጥለው ቅጠል ይወጣል። ፍግና ብስባሽ ስጡት፣ ቅጠሉ ደርቆ እስኪንጠለጠል ተዉት። ቢጫው አዲሱ ቅጠል ላይ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ወይም ማንጋኒዝ ማጣት ነው፣ አመድ መጨመር ያባብሰዋል።

በሆሣዕና ዋዜማ የሰፈር ልጆች በሬን ያንኳኳሉ። ከሰሌኑ ጎን ጎን ካሉት ግንዶች እቆርጥላቸዋለሁ። ገና ያልተፈታውን ለጋ ነው የሚፈልጉት፣ ለቀለበትና ለመስቀል ይለሰልሳል። ያ ግን ከልቡ የሚወጣው ስለሆነ ከአንድ ግንድ ከአንድ በላይ አልወስድም። ግንዱ ብዙ ስለሆነ ለሁሉም ይዳረሳል። ከካናሪው ብወስድ ኖሮ አንድ ልብ ነው ያለው፣ በየዓመቱ ማን ያስችለዋል።

ዘንድሮ ጎረቤቴም ከልጆቹ ጋር መጡ። ሰሌኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ ቀና ብለው ቆርቆሯቸው ላይ የተኛውን ካናሪ አዩ።

«ከዚህኛው ልጅ ትሰጠኛለህ?»

«እሰጥዎታለሁ ጋሼ። ሐምሌ ላይ።»

«አይወፍርም አይደል?»

«አይወፍርም። ይበዛል እንጂ። ብቻ ከአጥሩ አራት ሜትር ያርቁልኝ።»

«ከየትኛው አጥር?» አሉ፣ ሳቃቸውን ይዘው። «ካንተ በኩል ካለው?»